ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ወዲያው ፎርማት አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ አምዳችሁን አነባለሁ፣ በተለይ ለአንባቢ ጥያቄ የምትሰጡትን መልስ። በቅርቡ አንድ አንባቢ ሊኑክስ የጫነበት ላፕቶፕ አንዳንዴ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሁፍ ደርድሮ ቀጥ እንደሚል፣ ከገባለትም ስራ መሃል ፍሪዝ እንደሚያደርግበት ጽፎ ነበር፣ የእናንተ መልስ ደሞ ባጭሩ «ዳታህን ገልብጥና ፎርማት አድርገህ እንደገና ጫን» የሚል ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ መልስ አይደለም። ጽሁፍ ደርድሮ ቆመ ካለ እኮ ማሽኑ የሆነውን እየተናገረ ነው፣ ቀድሞ «ምን ይላል ጽሁፉ» ብሎ መጠየቅ ነበር።

እንደገና መጫን አንዳንዴ ይሰራል፣ አልክድም። ግን ችግሩ ራም ላይ ከሆነ፣ ሊሞት የደረሰ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ወይ ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ እምብርት) ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አልስማማ ብሎ ከሆነ አዲሱም ሲስተም ትንሽ ቆይቶ እዛው ነው የሚደርሰው፣ ሰውየውም «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያለውን ላፕቶፕ ወደ ሊኑክስ የሚያዞረው ሰው ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት ጥያቄ ገና ይመጣላችኋል።

ሲጀመር ላፕቶፕ ባንዴ አይነሳም፣ ዱላ ቅብብል ነው። መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ዩኢኤፍአይ (ብዙ ሰው አሁንም ባዮስ እያለ የሚጠራው) ይነሳል፣ እሱ ግረብ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል፣ ግረብ ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባለዋን ትንሽዬ ጊዜያዊ ሲስተም ራም ላይ ይጭናል፣ ከርነሉ ዋናውን ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፋይ) ካገኘ በኋላ ለሲስተምዲ ያስረክባል፣ ሲስተምዲ ደሞ ሰርቪሶቹን (ከጀርባ የሚሰሩትን ፕሮግራሞች) አስነስቶ መጨረሻ ላይ ፓስወርድ የሚጠይቀውን ገጽ ያመጣል። ማወቅ ያለብን ዱላው ማን እጅ ላይ እንደወደቀ ነው፣ እሱን ደሞ ስክሪኑ ላይ ያለው የመጨረሻው መስመር ብዙ ጊዜ ይነግራል።

«ግረብ ሬስኪው» ብሎ ከቆመ ግረብ የራሱን ቀሪ ፋይሎች አጥቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፓርቲሽን ሲነካካ የሚመጣ ነው፣ የሰውየው ፎቶና ዶክመንት ብዙውን ጊዜ ምንም አልሆነም። በላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ሳይጫን በቀጥታ በሚነሳበት ፍላሽ) ተነስቶ ግረብን መልሶ መጫን ይበቃል። ከግረብም በፊት የሚቆም አለ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ያሉባቸውን ብዙ ማሽኖች «ሴኩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» አሰኝቶ ነበር፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው የዩኢኤፍአይ ጥበቃ) የድሮውን የሊኑክስ ማስነሻ ፋይል አልቀበልም ስላለ ነው። እዚህ ላይ ፎርማት ምን ሊፈይድ? በድሮ ፍላሽ ልጫን ቢባል ፍላሹም ራሱ በዛው ምክንያት ይመለሳል። መፍትሄው ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ መግባት፣ ሲስተሙን አፕዴት ማድረግ፣ ከዛ መልሶ ማብራት ነበር።

ሰው በጣም የሚያስደነግጠው «ከርነል ፓኒክ» የሚለው ነው፣ ከርነሉ መቀጠል አቅቶት ቆመ ማለት ነው። ከስሩ «ሩት ኤፍኤስን ማውንት ማድረግ አልተቻለም፣ አንኖውን ብሎክ 0፣0» አይነት ነገር (ዋናውን ፓርቲሽን መክፈት አልቻልኩም ማለቱ ነው) ካለበት ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተራ ነው፣ አፕዴት እየተደረገ መሃል ላይ ተቋርጧል ወይ ቡት የሚባለው ፓርቲሽን ሞልቶ ለአዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤሱ ሳይሰራ ቀርቷል። ሲበራ ኢስኬፕ (የቆየ ባዮስ ከሆነ ሺፍት) ተጭኖ የግረብን ሜኑ ማውጣት፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ የበፊቱን ከርነል መምረጥ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት የሊኑክስ አይነቶች ላይ የበፊቱ ከርነል ብዙ ጊዜ አለ፣ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ከገባ በኋላ ትርፍ ከርነሎቹን አጥፍቶ ቦታ ማስለቀቅና «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» በምትባለዋ ትዕዛዝ የጎደለውን ማሰራት።

ቢዚቦክስ የሚል ነገር መጥቶ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ከጠበቀ ደሞ «ኤግዚት» ብሎ ኢንተር መምታት ነው፣ ብዙ ጊዜ የትኛው ፓርቲሽን ስህተት እንዳለበት ስሙን ይጽፋል፣ ከዛ የፓርቲሽን ስህተት የምታርመውን «ኤፍኤስሲኬ» ብሎ ያንን ስም ማስከተል። ላፕቶፑ በጉልበት ከጠፋ በኋላ የመጣ ከሆነ እዚህ ያልቃል፣ ተመላልሶ ከመጣ ግን ዲስኩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል «ስማርትሲቲኤል» ባለችው ፕሮግራም ሪአሎኬትድና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉትን ቁጥሮች (የተተኩና ለማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ቦታዎች ብዛት) ማየት ነው፣ ፔንዲንጉ እየጨመረ ከሄደ ጥገናውን ትቶ ዳታ መገልበጥ።

«ስታርት ጆብ ኢዝ ረኒንግ» ብሎ እስከ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚቆጥረው ደሞ ጭራሽ ፍሪዝ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ኤፍኤስታብ የሚባለው (ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች የተዘረዘሩበት) ፋይል ውስጥ የተጻፈ ግን አሁን የሌለ ፓርቲሽን እየጠበቀ ነው። ስዋፕን (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ክፋይ) ፎርማት ያደረገ ሰው ላይ ይታያል፣ መለያ ቁጥሩ ስለሚቀየር። ኤሲፒአይ ኢረር የሚሉትን መስመሮች ደሞ እለፏቸው፣ አብዛኞቹ ባዮሱ በደንብ ስላልተጻፈ የሚመጡ ናቸው፣ እነሱን ፎቶ አንስቶ የሚጨነቅ ሰው ብዛቱ።

ጽሁፍ ሳያሳይ አርማው ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ ግረብ ሜኑ ላይ «ኢ» ፊደልን ተጭኖ፣ «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ሄዶ «ኳየት ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማጥፋት፣ ከዛ ኮንትሮል ኤክስ። ለዛች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰራ ለውጥ ነው፣ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፣ ስለዚህ ማንም ሊሞክረው ይችላል። አሁን አርማው የሸፈነው ጽሁፍ ሁሉ ይወርዳል። እዛው መስመር ላይ «ኖሞድሴት» ብሎ ጨምሮ ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ ይሄዳል፣ ኤንቪዲያ ያለባቸው ላይ በተለይ። ግን በኖሞድሴት መኖር አይቻልም፣ ስክሪኑም ይንቀራፈፋል፣ ትክክለኛውን ድራይቨር እስኪጭኑ ነው።

ስራ መሃል የሚመጣው ፍሪዝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሁሉም አንድ አይነት ስለሚመስል ነው የሚያደናግረው። እኔ መጀመሪያ የማየው ካፕስ ሎክን ነው። ሲጫኑት መብራቱ እሺ ካለ ከርነሉ አልሞተም፣ ኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ብሎ ጥቁሩ የጽሁፍ መግቢያ ከመጣ የተጣበቀው ዴስክቶፑ ብቻ ነው፣ ከዛ ሆኖ አስቸጋሪውን ፕሮግራም መግደል ይቻላል። ማውሱ እየተጎተተ የሚሄድ የዲስክ መብራቱም የማያቋርጥ ከሆነ ራም አልቆ ስዋፕ ላይ እየተንፏቀቀ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ብሮውዘር በታብ አጭቆ የሚከፍት ሰው ይሄን አያጣውም፣ «ኧርሊኡም» የምትባል ፕሮግራም ብትጫን ማሽኑ ከመታነቁ በፊት ራም የበላውን ትገድላለች። ካፕስ ሎክ መብራቱ ራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ከርነል ፓኒክ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ድምጽ የለም መብራት የለም ከሆነ ወደ ከርነልና ሃርድዌር ነው። ቤይ ትሬይል የሚባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለምሳሌ በዚህ የታወቁ ነበሩ፣ ፕሮሰሰሩ ሃይል ለመቆጠብ ጠልቆ ሲተኛ በዛው ይቀር ነበር፣ «ኢንቴል አይድል ማክስ ሲስቴት» የሚለውን የከርነል ሴቲንግ 1 ላይ ሲያደርጉት ይቆማል፣ ባትሪ ግን ይበላል።

እና እባካችሁ ፓወር በተኑን ተጭኖ መያዝ የመጀመሪያ እርምጃ አታድርጉት። ኦልትና ፕሪንት ስክሪን እንደተያዙ ኤስ፣ ዩ፣ ቢን ተራ በተራ መጫን አለ (አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን ይጨመርበታል)፣ ኤስ ያልተጻፈውን ዳታ ወደ ዲስክ ያስገባል፣ ዩ ፓርቲሽኖቹን ለማንበብ ብቻ ያደርጋል፣ ቢ ሪስታርት ያደርጋል። በየቦታው ስድስት ፊደል የሚያስጭን ምክር አለ፣ ኡቡንቱ ላይ ግን የትኞቹ ፊደሎች እንደሚሰሩ የሚወስነው ሴቲንግ 176 ስለሆነ፣ ማለትም 128 (ሪስታርት)፣ 32 (ለማንበብ ብቻ) እና 16 (ወደ ዲስክ ማስገባት) ሲደመር፣ ከስድስቱ የተፈቀዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፣ የቀሩትን መጫን ትርፉ ጣት ማድከም ነው።

ከተነሳ በኋላ «ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1» ተብሎ ያለፈው ጊዜ መዝገብ ይከፈትና መጨረሻው ይነበባል። ራም አልቆ ከሆነ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ሊል ይችላል፣ ዲስክ ከሆነ «አይኦ ኢረር»። ምንም ሳይል መሃል ላይ ቆርጥ ካለ እሱም መረጃ ነው፣ ለመጻፍ እንኳን ጊዜ አላገኘም፣ ያኔ ሙቀትና ራም መጠርጠር ነው። ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለው ራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ፣ ከቨርዥን 6 ጀምሮ በዩኢኤፍአይም ይሰራል። የዛ አንባቢ ላፕቶፕ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም ነበር የተባለው፣ የተበላሸ ሴቲንግ ደሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ቀን አይመርጥም፣ በተነሳ ቁጥር ነው የሚያስቆመው፣ ስለዚህ እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ዲስኩንና ራሙን ነበር የማስፈትሸው።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ጥያቄ ሲመጣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የስክሪኑን ፎቶ፣ የሊኑክሱን አይነትና የከርነሉን ቨርዥን፣ ከዛ ደሞ ችግሩ ሳይጀምር ምን እንደተጫነ ወይ እንደተቀየረ ጠይቁ። ትዕዛዝ ስታትሙ ክፍት ቦታውና ሰረዙ ሳይዛነፍ ይውጣ፣ ሁለት ሰረዝ አንድ ረዥም ሰረዝ ሆኖ ሲታተም ትዕዛዙ አይሰራም። «ዲዲ» የምትባለዋን ፍላሽ ማዘጋጃ ደሞ የዲስኩን ስም ዲስኮቹን በምትዘረዝረው «ኤልኤስቢኤልኬ» አረጋግጡ ከሚል መስመር ጋር ካልሆነ ባታወጧት ይሻላል፣ ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚለያዩት ባንዲት ፊደል ነው፣ እሷ ከተሳተች ፍላሹ በነበረበት ይቀርና ዋናው ዲስክ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ