ሐጂ፣ ስምዎን አልጻፍኩም

የዳሎል ፎቶዎቼ ኤግዚቢሽን ትናንት ማታ ተዘጋ። ፎቶዎቹ ወርደዋል። ግድግዳው ላይ የቀሩት ሚስማሮች ናቸው፤ እነሱንም ነገ እነቅላለሁ ብዬ ለአዳራሹ ጥበቃ ቃል ሰጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማመስገን አለብኝ። ካደረ ይከብደኛል።

የዚያን ሌሊት ነገር አልደግመውም። የሱቄን ጣሪያ ጉዳይ ጅማ ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ዝናብ ብርቅ ከሆነበት ከአፋር በረሃ፣ ከዳሎል የጨው ሜዳና ከፈረሰው ከተማው፣ ለዓመታት የለቀምኩትን ፎቶ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር የሚዘንብበት ከተማ አምጥቼ አስቀመጥኩት። ክረምቱም የሚያደርገውን አደረገ፤ ውሃው በጣሪያዬ ገብቶ ፎቶዎቹን አራሳቸው። በቃ።

መጀመሪያ ሐጂ።

«ስሜን ከጻፍሽ ሱቄ ደጃፍ እንዳትደርሺ» ብለውኛል። ስለዚህ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ሐጂ ብቻ እላቸዋለሁ። አናጢ ናቸው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሠራሉ። እኔ ደግሞ ጉርድ ፎቶና ሰርግ እያነሳሁ የምኖር ሰው ነኝ። የተዋወቅነው ለመጀመሪያዋ የዳሎል ፎቶዬ ፍሬም ላሠራ የሄድኩ ቀን ነው።

ፎቶዋን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዷት። ብዙ አዩዋት።

«ይሄ ግንብ ከምንድነው?»

«ከጨው ነው ሐጂ። ጨዉን እንደ ጡብ ቆርጠው ነው የሠሩት።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«እዚያ እኮ እንደኛ አይዘንብም።»

ሳቁ። ቀጥለው «ሰዎቹስ?» አሉ። ያኔ የማውቀውን ነገርኳቸው። ጣሊያኖች ፖታሽ የሚባለውን ማዕድን ፍለጋ እንደመጡ፤ ኤርትራ ካለው ከመርሳ ፋጡማ ወደብ የተነሳ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1918 ተጠናቆ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ እንደደረሰ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን፣ የአሜሪካና የሶቭየት ፖታሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው እንደቆመ። ሐዲዱን ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ነቀሉት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ መሬቱን ሲበሳ ከርሞ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 እዚያው ቦታ ላይ የተመዘገበው አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው። የቀን አይደለም፤ የዓመት አማካይ ነው፣ ሌሊቱ ሁሉ ተደምሮ። ሐጂ ይሄን ሲሰሙ ኮፊያቸውን አንስተው ራሳቸውን አከኩ።

ከዚያ ስለ አያታቸው አወሩኝ። የሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በበቅሎ አሞሌ ጭነው ሂርማታ ገበያ ያገቡ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ። ጅማ ላይ አሞሌ ገንዘብ ነበር። በአሞሌ ይሸጣል፣ በአሞሌ ይገዛል፣ ሲቸግር ደግሞ ተሸርፎ ወጥ ውስጥ ይገባል። «እና ያ ጨው ከዚህ ነው የመጣው?» አሉ ፎቶዋን እያመለከቱ። ከዚያው ሜዳ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ለዚያ ፍሬም ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

በዓመቱ ሌላ ፎቶ ይዤ መጣሁ። ያው ፍርስራሽ፣ ያው በር። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀመጡና «ይሄ መቃን ዘሟል» አሉ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ያየሁት ብርሃኑን ነው። እሳቸው የሚያዩት መገጣጠሚያውን ነው። «ግን አምና ከየት ቆመሽ እንዳነሳሽው ካልታወቀ፣ በስንት እንደዘመመ እንዴት ይታወቃል?» አሉኝ። በሳምንቱ ጠርተው አንድ ዘንግ ሰጡኝ። ከዋንዛ የተሠራ፣ ልኩ አንድ ሜትር፣ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ የተቀባ። «ሁልጊዜ እዚያው አቁሚው። አንቺም እዚያው ቁሚ።»

የመጣችሁ ሁሉ «ይሄ ዱላ ምንድነው?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ የነበረው እሱ ነው። ዳሎል ላይ ያገኙኝ ቱሪስቶች መሬት ቀያሽ ነበር የምመስላቸው። ሰው ሁሉ እዚያ የሚሄደው ለቢጫውና ለአረንጓዴው ኩሬ ነው። ያምራል፤ አልክድም። ከተማውን ግን መኪናቸው ውስጥ ሆነው ነው የሚያልፉት። የሐጂ ዘንግ ባይኖር እኔም የዛገ መኪና አንስቼ የምመለስ ነበርኩ። በዘንጉ ምክንያት ግን ከአንድ ግድግዳ ጋር አረጀሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩትን ፎቶዎች ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ መጀመሪያ ከዘንጉ በላይ የነበረ ግድግዳ መጨረሻ ላይ ከዘንጉ ወገብ በታች ነው።

ሳጥኑም የሳቸው ነው። የዳሎል ጨው ካሜራ ይበላል፤ ከኩሬዎቹ የሚወጣው አሲድ ያለበት ጢስ ደግሞ ብረትም ሌንስም አይምርም። ሐጂ ክዳኑ ዙሪያውን በከመነዳሪ ጎማ የታሸገ የእንጨት ሳጥን ሠሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬ ተርፏል።

እና ያ ሌሊት። ሱቁ ስደርስ ሐጂ ቀድመውኝ ነበር። ዕድሜያቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ፎቶዎቹን አንድ ባንድ እያነሱ ለልጅ ልጆቻቸው ያቀብሉ ነበር።

ትንሽ ልረፍ።

ወደ ሱቃቸው ወስደው ጣውላ ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፈው ፊታቸውን ወደ ላይ ደረደሯቸው። አንዱ ልጅ ፀሐይ ላይ እናውጣቸው ሲል ተቆጡት። «እንጨትም ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል!» አሉ። ልክ ነበሩ። የዳኑት በዚያ ነው። ያልዳኑትን ከሃርድ ዲስክ አውጥተን እንደገና አሳተምን። ፍሬሞቹ ግን ሁሉም ጠመው ስለነበር ሐጂ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠሩ። በእጃቸው የነበረውን የሙሽራ አልጋ አቆሙ። አልጋው ሳይደርስልህ ያገባኸው ወንድሜ፣ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈህ ጫጉላህን የጀመርከው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤትህንም አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ እሷን። ያንተን ሰርግ ያነሳሁበትን አልቀበልም፤ አትከራከረኝ።

ሒሳቡን ስጠይቃቸው ሐጂ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አሞሌ አለሽ?» ቀልዳቸውን ነበር፤ እኔ ግን ነበረኝ። በርሃሌ የገዛሁት አንድ ሙሉ አሞሌ ቤቴ ተቀምጦ ነበር። አምጥቼ ሰጠኋቸው። አሁን ሱቃቸው ውስጥ፣ ከመጋዙ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በጅማ ክረምት ያልበዋል። ሥሩ ሰሐን አድርገውለታል።

ሐጂ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይሄው ስምዎን አልጻፍኩም።

መቀሌ ላለው ሾፌሬ። ወንድሜ ልበልህ እንጂ። ስንት ሰዓት በዚያ ሐሩር መኪና ውስጥ እንደጠበቅከኝ አንተ ታውቃለህ። በጦርነቱ ዘመን ድምፅህ ሲጠፋ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም። ስልክ የተመለሰ ሰሞን ቀድመህ የደወልከው አንተ ነህ። ስለ ራስህ ልጠይቅህ ስል «ዘንጉ አለ?» አልከኝ። አለ። ይጠብቅሃል።

የሐመድ ኤላ ሰዎች፣ የአፋር ወንድሞቼና እናቶቼ፣ ውሃ በሌለበት ውሃ ያጠጣችሁኝ፣ ከነፋሱ ያስጠጋችሁኝ ሁሉ ክበሩልኝ።

ከማናና ከጎማ ወረዳዎች የመጣችሁ የቡና ገበሬዎች አስገርማችሁኛል። ፎቶ ለማየት ትመጣላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አንድ አባት «ፖታሽ ለምን ይሆናል?» ብለው ሲጠይቁኝ ለማዳበሪያ ነው አልኳቸው። ቡና ፍሬ ሲይዝ ከአፈሩ አብዝቶ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ፖታሲየም ነው። ገለፈቱ ውስጥም ብዙ አለ። ለዚህ ነው ገለፈቱን ወደ ማሳው መመለስ የሚጠቅመው። እሳቸውም «እኛ የምንጥለውን ፈልገው ነዋ እዚያ እሳት ውስጥ የገቡት» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ አዳራሹን በነፃ የሰጣችሁን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያመጣችሁ፣ ፎቶ የሰቀላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከዋዜማው ጀምሮ ቡና ያፈላችሁ የሰፈሬ ሴቶች፣ የጅማ መርካቶ ጎረቤቶቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬ፣ አንቺን በስልክ።

ስም ጠርቼ አልጨርስም። የረሳሁት ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በተለይ በዚያ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ፊታችሁን ያላየሁት። ባልዲ ይዞ የነበረ ረጅም ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልደረስኩበትም። ካነበብከው ና፤ የታጠበች ፎቶ አለችህ፣ የወደድካትን ምረጥ። ቅር ያላችሁም ካላችሁ ይቅር በሉኝ፤ መንገድ ላይ ስታገኙኝ ተቆጡኝና እንታረቅ።

በመጨረሻ፣ አዳራሹ ውስጥ ባለቤታቸው ያልታወቁ ዕቃዎች ቀርተዋል። ሁለት ጀበና፣ አንዱ አንገቱ ላይ ሽቦ የታሰረበት። አንድ ረጅም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች። የሕፃን ሹራብ። ሁሉም ሱቄ ናቸው፤ ጣሪያው ተጠግኗል፣ አትስጉ። እሑድ ካልሆነ በስተቀር ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነኝ።