የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ከጓሮ ብስባሽ ይውጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በየጓሮው ብስባሽ (ኮምፖስት) እንዴት እንደሚዘጋጅ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ «ማንኛውም የእንስሳት ፍግ ይሆናል» የሚል ምክር ደጋግመን እናያለን። ነገሩ ለላም፣ ለበግ፣ ለጥንቸል ይሠራል፤ የዶሮ ኩስም በደንብ እስከበሰበሰ ድረስ ይሆናል። ውሻና ድመት ግን ከዚህ ተርታ አይገቡም። ይህ ሳይነገር ምክሩ ባይወጣ እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በዋናነት የሚያገኘው አፈር ነክተው እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናትን ነው።

በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ቶክሶካራ የተባለ ትል እንቁላሉን ከዓይነ ምድር ጋር ያወጣል። እንቁላሉ ጠንካራ ሽፋን ስላለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰው ከዋጠው የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) አንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትኩሱ አደገኛ፣ የቆየው ደኅና ይመስለዋል። የቶክሶካራ እንቁላል ግን ገና እንደወጣ አያጠቃም፤ ለማጥቃት የሚደርሰው አፈር ላይ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ ቶሎ መልቀም ይጠቅማል፣ አቆይቶ የአትክልት መደብ ላይ መበተን ግን ነገሩን ያብሳል።

የድመቱ ከዚህም ይከፋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ድመት ምንም ሳትታመም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ታወጣለች። ዘሩ ከ1 እስከ 5 ቀን ውስጥ ለማጥቃት ይደርሳል፤ እርጥብ አፈር ውስጥም ከዓመት በላይ ይቆያል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ወደ ፅንሱ ሊያልፍ ይችላል። የድመት ዓይነ ምድር ለየትኛውም የቤት ብስባሽ አይመከርም።

«ውሻዬ የትል መድኃኒት ወስዷል» የሚለው መከራከሪያም አያስተማምንም። መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ እንደገና እንዳይያዝ አይከለክለውም። ቡችሎችማ ከመወለዳቸው በፊት ከእናታቸው ይወርሱታል።

«ሙቀቱ ይገድለዋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሙቀቱ ከተገኘ። በትልልቅ የብስባሽ ማምረቻዎች የሚሠራበት መለኪያ ክፍት ክምር ቢያንስ በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ቀን እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ጊዜ እንዲገላበጥ ነው። የጓሮ ክምር እዚህ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ቁመቱና ወርዱ ከ1 ሜትር ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይዝም። የማድ ቤት ትርፍራፊ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጨመርበት ሣጥን ጨርሶ ላይግል ይችላል። መሐሉ 60 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ጠርዙ ከአካባቢው አየር እምብዛም አይበልጥም፤ እንቁላሉም ጠርዙ ላይ ተርፎ ሲገላበጥ መልሶ ይቀላቀላል። በምድር ትል የሚዘጋጀው ብስባሽ ደግሞ ትሉ እንዳይሞት ተብሎ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚያዝ ለዚህ አይሆንም።

የውሻውን ማበስበስ የግድ የሚል ካለ (ብዙ ውሻ ያላቸው ይኖራሉ) ለብቻው መክደኛ ያለው ሣጥን፣ ለብቻው አካፋና ጓንት ያዘጋጅ። በስፍር 2 እጅ የውሻ ዓይነ ምድር ከ1 እጅ ሰጋቱራ ጋር ይቀላቀላል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ የሚል ያህል ይሁን፤ ውኃ ከበዛ አየር አጥቶ ይሸታል፣ ሰጋቱራው ከበዛ አይግልም። ሣጥኑ ሲሞላ መጨመር ይቆማል። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ተተክሎ ሙቀቱ በየቀኑ ይነበባል፤ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር የዳሩ ወደ መሐል እየገባ ይገላበጣል። ከተገላበጠ በኋላ መልሶ መጋሉን እስኪያቆም ድረስ ይህ ይደጋገማል። ከዚያ ዓመት ያህል ይረፍ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ለአበባና ለጌጥ ዛፍ ብቻ ነው፤ ለሚበላ ነገር አይሆንም። «ይበሰብሳል» የተባለ ከረጢትም አብሮ አይግባ፤ አብዛኛው የሚፈርሰው በማምረቻ ሙቀት ነው።

ለሌላው ሰው ቀላሉ መንገድ በየቀኑ ለቅሞ፣ በከረጢት ቋጥሮ፣ ከቆሻሻ ጋር ማስወገድ ነው።

ቀድሞውኑ የቀላቀሉ ሰዎች ብስባሹን ወደ አበባ ቦታ ያዙሩት። የአትክልት መደብ ላይ ተበትኖ ከሆነ እዚያ ቦታ ሰላጣ፣ ካሮትና ሌላም ጥሬውን የሚበላ ነገር አይተከል፤ ልጆችም እዚያ አፈር ላይ አይጫወቱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስለ አፈርና ብስባሽ የምንሠራ አንባቢዎች