ጠላቱን በምስል አወቅነው፣ ወዳጁን ግን ማን ይሣለው?

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የጣናን ደንገል በሥነ ጥበብ ለሕዝብ ዓይን ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ በኋላ አገሩን ያነቃነቀው ከጥናት ወረቀት ይልቅ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረሙን በእጁ የሚነቅለው ገበሬ ፎቶግራፍ ይመስለኛል። የሐይቁን ዳር ይዞ የኖረው፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውኃ ተክል ደንገል ግን እንዲህ ያለ ምስል አላገኘም፤ ለብዙዎቻችን እይታ የሚጋርድ፣ ትንኝ የሚያራባ፣ «መጽዳት» ያለበት ነገር ነው። (እንቦጭ ከመጣ ወዲህማ ውኃ ዳር የበቀለ አረንጓዴ ሁሉ ሳይጠረጠር አልቀረም።)

ደንገል ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከዓይን ተሰውሮ ነው። እርስ በርሱ የተቆላለፈው ሥሩ ጎርፍ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣውን ደለል ያስቀራል፣ እንቦጭን የሚያፋፋውን የማዳበሪያ ትርፍ ይመጥጣል፣ ለዓሣ ጫጩትም መሸሸጊያ ይሆናል። አገዳው ቢታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የሚያጠፋው ለባሕር ሸሽ እርሻ (ውኃው ሲሸሽ በሚገለጠው መሬት ላይ ለሚዘራው) እና ለግንባታ ከነሥሩ መነቀሉ፣ ሳያገግምም ከብት መሠማራቱ ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪው የደንገል ጠላት አይደለም፤ የደንገሉን መሳሳት ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀውም እሱ ነው።

በመሆኑም ደንገል እስካሁን በቆመበት የከተማዋ ዳርቻ ተክሉን ከጫፉ እስከ ሥሩ፣ ከነደለሉና ከነዓሣው፣ በቁመቱ ልክ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል እንዲቆም እጠይቃለሁ። የጣና ገዳማት ግድግዳዎች ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ለዘመናት መጽሐፍ ሆነው ኖረዋልና፣ የአካባቢያችን ሠዓሊዎች ይህን ለመሥራት ከሩቅ አርአያ መፈለግ አያሻቸውም። በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎችም ለበዓል ማድመቂያ ብቻ ከሚጠሩ፣ ከሠዓሊዎቹ ጋር እኩል ተከፍሏቸው የዳርቻውን ጥላና አጥር በደንገል ነድፈው ቢሠሩ፣ መንገደኛው ታንኳውንና የታጨደበትን ሕያው ደንገል ጎን ለጎን ያያል። ዛሬ ለጎብኚ የምትሸጠው ትንሿ ታንኳ ስለተሠራችበት ተክል አንዳች ሳትናገር ነው አገር የምትለቀው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው እንዲኖሩበት በተለየ አካባቢነት፣ ተመዝግቧል። ሥዕሉ ጊዜና በጀት የሚጠይቅ ቢሆን እንኳ፣ «የዳርቻ ጽዳት» የሚለው አነጋገር ደንገል መንቀልን እንደማይጨምር በመምሪያው ጽሑፎችና ማስታወቂያዎች ከወዲሁ በግልጽ እንዲሰፍር በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የከተማዋ ነዋሪ