«ሦስት ወር ሲቀረው» የምትለዋን ቃል ያላነበቡ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አካውንቲንግ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ቀን «በሁለተኛ ደረጃ ይህን ትምህርት የተማራችሁ እጅ አውጡ» እል ነበር። እጃቸውን ያወጡት ዘና ይላሉ፤ የቀሩት ገና ሳይጀምሩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ትምህርት ቤቶች አካውንቲንግ ይጨምሩ ሲባል እየሰማሁ ይህን የምጽፈው አንገታቸውን ስለሚደፉት ብዬ ነው።

ቀድሞ መማር እንደሚጠቅም አልክድም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት (የሂሳብ መዝገቡ የግራና የቀኝ ጎን ስሞች) አያስደነግጧቸውም፣ መዝገቡንም ቶሎ ይሞላሉ። ነገር ግን አንድ ጊዜ እጃቸውን ካላወጡት መካከል አንዲት ልጅ ተነሥታ «መምህርት፣ ባንክ ገንዘብ ሳስገባ ሂሳቤ ክሬዲት ተደረገ ይሉኛል፤ እርስዎ ደግሞ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ነው ይላሉ፤ የትኛው ነው ትክክል?» አለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ያስቀመጠችው ገንዘብ ለእርሷ ሀብት ስለሆነ በእርሷ መዝገብ ዴቢት፣ ለባንኩ ግን ዕዳ ስለሆነ በባንኩ መዝገብ ክሬዲት ይሆናል። ይህን እንዲመልሱላት የተማሩትን ብጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ደንቡን በቃላቸው ይዘውታል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ፈተና ላይም ያው ነው። በ120,000 የተገዛ፣ አምስት ዓመት የሚያገለግል፣ በመጨረሻ 20,000 የሚያወጣ መሣሪያ ሰጠኋቸው። የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም መሣሪያው በማገልገሉ በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰው፣ 20,000 መሆኑን አብዛኞቹ አወቁ። መሣሪያው የተገዛው ግን የሂሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ነበር፤ መልሱ 5,000 ነው። ቀመሩ አልጠፋባቸውም። የጠፋባቸው ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ማንበብና ዓመትን ለአራት መክፈል ነው። ጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. የሁለትዮሽ አመዘጋገብን (እያንዳንዱን ግብይት በዴቢትም በክሬዲትም የመመዝገብ ዘዴን) ያሳተመው በሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ሙያው ከክፍልፋይና ከመቶኛ ተለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች አካውንቲንግ ይጨምሩ ሲባል ስሰማ እጨነቃለሁ። ያለውን ሂሳብና ንባብ ያጠንክሩልን፤ ተማሪው ትክክል ሲመልስም «ለምን?» ይበሉት። እኛም በዩኒቨርሲቲ ያለነው ጥፋት አለብን፤ ያልተማሩትን ከመጀመሪያው ቀን እንደ ደካማ ቆጥረናቸዋል። እኔ እጅ ማስወጣቱን ትቼዋለሁ። አሁን በመጀመሪያው ሳምንት የምሰጠው አንድ ገጽ የክፍልፋይና የመቶኛ ጥያቄ፣ አንድ አንቀጽም ንባብ ነው። ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው የማውቀው ከዚያ ነው።

የአካውንቲንግ መምህርት