ቅዳሜ ወደ ጨርጨር ተራሮች እንወጣለን

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እንገናኝ። ነዳጅ ዓርብ ማታ ይሞላ፤ ጠዋት ሰልፍ የያዘ መኪና አንጠብቅም።

የደንገጎን ዳገት በዝግታ እንወጣለን። ስንመለስ ደግሞ በከባድ ማርሽ እንጂ ፍሬን ረግጦ መውረድ የለም። የጫት መኪኖች ከኋላ ጥሩምባ ቢነፉ አሳልፏቸው፤ ከእነሱ ጋር መሽቀዳደም ለማንም አልበጀም። ከደንገጎ ወደ ቀኝ ታጥፈን ቁልቢ ገብርኤልን እንሳለማለን። ጨለንቆ ላይም ትንሽ እንቆማለን፤ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፈው እዚያ ነው። ለእኔ ግን የመንገዱ ውበት ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ እስከ ሂርና እርከኑና ሸለቆው ዓይን አያስነቅልም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሂርና አካባቢ፣ ሁለተኛውን ከጭሮ በስተደቡብ ኩኒ ሙክታር ተራራ ድንኳን ተክለን እናድራለን። የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ጥበቃዎች ሳናስፈቅድ ድንኳን አይተከልም። ኩኒ የደጋ አጋዘን መጠለያ ስለሆነ ሙዚቃ አይከፈት፣ እንጨት አይቆረጥ፤ ከሰል ይዘን እንሄዳለን። ድሬ ላይ በአንሶላ የምታድሩ ሁሉ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ያዙ። የደጋው ብርድ ቀልድ አያውቅም!

ያልተመዘገባችሁ እስከ ረቡዕ ለጸሐፊያችን ንገሯት።