ደንገል ሳይኖር ታንኳ አይኖርም፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የታንኳ ሥራና ደንገል የሚበቅልበት ቦታ በአንድነት እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

የጣናን ስም የያዘ ማስታወቂያ ሁሉ ታንኳ አለበት። ሐይቁ ላይ ግን ታንኳ እየሳሳ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በባሕር ዳር፣ በዘጌና በግልገል ዓባይ መግቢያ ታንኳ የምንሠራ፣ ደንገል (ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር ተክል፣ ፓፒረስ) የምናጭድ፣ ዓሣ የምናጠምድና ሙያውን በጥናት የምንከታተል ሰዎች ነን። የምንለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ታንኳ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በየጊዜው አዲስ ካልተሠራ ይጠፋል፤ አዲስ የሚሠራው ደግሞ ደንገል ሲኖር ነው። ስለዚህ የቅርስ በጀታችሁ ከሙዚየም መስታወት በፊት ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት ደለል ላይ ይዋል።

ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። ከሰከላ ተነሥቶ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሰበርና የተሸከመውን መግቢያው ላይ ያራግፋል። ጉማራ፣ ርብና መገጭም በየፊናቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ደንገል የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ በጋ ከክረምት ርጥበቱ የማይለየው ለስላሳ ጭቃ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ በየዓመቱ የሚታደስ አፈር። ደንገሉም በበኩሉ ደለሉን ይይዛል፣ ማዕበሉን ይሰብራል።

ችግሩ ይኸው መሬት ለእርሻም የሚያጓጓ መሆኑ ነው። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ እየሸሸ ይሄዳል። ውሃው ለቆት በሚሄደው መሬት፣ ባሕር ሸሽ በምንለው ላይ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ሽንኩርት ይዘራል፣ በፎገራ በኩል ደግሞ ሩዝ። ገበሬውን አንወቅስም፤ መሬት ጠቦታል። ነገር ግን የባሕር ሸሽ ድንበር በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ቀድሞ ያረሰ ይይዘዋል፤ ለማረስ ደግሞ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይቃጠላል፣ ሥሩ ይነቀላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ባልተለመደ ሁኔታ ዝቅ ሲል የተራቆተው ዳርቻ ታርሷል። ውሃው ሲመለስ ደንገሉ አብሮት አልተመለሰም፤ ሥሩ አንዴ ከተነቀለ በራሱ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዝርዝሩን የምንጽፈው የምንጠይቃችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

ለታንኳ የሚሆነው የበሰለ አገዳ ነው። ለጋው ውስጡ ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ሲጨማደድ ማሠሪያው ይላላል። አጫጁ አገዳውን ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ትቶ ይቆርጣል። ከውሃ በታች የተቆረጠ እንደሆነ ውሃ በጉቶው ይገባና ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። «ደንገሉ አለቀ» የሚባለው አጨዳ ስለበዛበት ብቻ ሳይሆን በአቆራረጡም ምክንያት ነው። የታጨደው ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ እንደ ፀሐዩ ሁለትም ሦስትም ሳምንት ይደርቃል። ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፤ የሻገተ አገዳ መልኩ ብዙም ሳይለወጥ በእጅ ሲጫኑት ይሰበራል።

የደረቀው አገዳ መሐሉ ወፍሮ፣ ጫፉ ቀጥኖ ይታሠራል። መጀመሪያ የታችኛው እስር፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙ ይያያዛል። ፊቱ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ በገመድ ይወጠራል፤ ኋላው ድፍን ተደርጎ ይቆረጣል። ታንኳ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ጭነቱ እንዳይርስ ከውስጥ ሌላ ደረቅ ደንገል ከፍ ተደርጎ ይነጠፋል፣ ቀዛፊውም የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የዘጌ ቡናና ማገዶ ባሕር ዳር ገበያ የሚወጣው እንዲህ ባለው ታንኳ ነበር።

ደህናው ማሠሪያ ከዛፍ ቅርፊት የሚላጠው ልጥ ነው። ልጥ ሲርስ ያብጥና እስሩን ያጠብቃል። ናይለን አያብጥም፤ አገዳው በደረቀ ቁጥር ይላላል፣ ሲወጠር ደግሞ ቅርፊቱን ይቆርጣል። ታንኳን የሚያንሳፍፈው በአገዳው ነጭ ልብ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ አየሩ ለውሃ ቦታ ይለቃል። ሠሪው ጉልበቱን እስሩ ላይ ተክሎ ገመዱን ሲስብ ልኩን ማወቅ አለበት፦ ከላላ ይፈታል፣ ከጠበቀ አገዳው ይደቅቃል። ልክ የደረሰ እስር ሲጫኑት መልሶ ይገፋል። ይህን ፎቶ አያሳይም፤ ቪዲዮም የሚያሳየው ካሜራው እጁ ላይ ካረፈ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቢሮው የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ የተጠናቀቀ ታንኳ ውሃ ላይ ሲሄድ ቀርጾ አይመለስ። ከአጨዳ እስከ ማድረቅ፣ ከማሠር እስከ መጀመሪያው መንሳፈፍ ያለው ሁሉ፣ የእያንዳንዱ ክፍል መጠሪያ በሠሪው አንደበት እየተነገረ ይቀረጽ። ሠሪው ለቀናት ሥራ ይፈታልና ይከፈለው፤ የተቀረጸው ቅጂ ለሱም ይድረሰው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀችው የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነት ማኅበረሰቡ ራሱ በምዝገባው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የደንገል ሥራ ከታንኳ እስከ ቅርጫት በእነሱ እጅ የኖረ ሙያ ነው፤ የሐይቁ ዳርቻ በለማ ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ ናቸው። ታንኳ እየተከበረ ታንኳ ሠሪው ከሐይቁ የሚርቅ ከሆነ ምኑን አከበርነው?

ስለ ዳርቻው ካነሣን ላይቀር አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አለ። ታንኳ በድንጋይ ግንብ አይወጣም። ከሥራ ሲመለስ ውሃ ላይ አያድርም፤ ተስቦ ይወጣና ቆሞ ይንጠፈጠፋል፣ ይደርቃል። እንዲህ ተይዞም በየቀኑ ከሠራ የሚያገለግለው ጥቂት ወራት ነው፤ ውሃ ላይ ካደረ ዕድሜው በጣም ያጥራል። ዳርቻው በግንብና በአጥር ሲዘጋ ታንኳው የሚወጣበት ያጣል፣ ግንቡ ላይ ሲጎተት ደግሞ ሆዱ ይተለተላል። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በከተማው ዳርቻ በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች 6 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ድንጋይ ያልተነጠፈበት ተዳፋት ይተውልን፤ ከጎኑም ደንገል የሚሰጣበት ሜዳና ለማሠሪያ የሚሆን ዳስ ይኑር። ጎብኚ ሥራውን የሚያየው እዚያ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን ሊሻገርባት የተነሣባት «ራ» የተባለችው ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል እንደሆነ፣ የሠሯትም የቻድ ሐይቅ ሰዎች እንደሆኑ የሚናገር ሰሌዳ እዚያው ቢቆም አንጠላም። ደንገሉ የኛ፣ እጁ የሌላ ሆኖ ማለፉ እስካሁን ይቆጨናል።

የደንገሉን ጥበቃ በተመለከተ፣ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር በቀጠና ተከፍሎ የሚጠበቅበት ቦታ) አድርጎ መዝግቧል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ዋናው ጥብቅ ቀጠና ግን ለአጨዳ አይሆንም። ስለዚህ ከዚያ ውጭ ባለው ቀጠና፣ ከግልገል ዓባይ መግቢያ ጀምሮ፣ ለታንኳ ሥራ የተለየ የደንገል ቦታ ይከለል። ችካሉ የሚተከለው በመስከረም መጨረሻ ሐይቁ ሲሞላ ይሁን። በግንቦት የተተከለ እንደሆነ ክረምት ላይ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ በጋ ላይ ደግሞ ከእርሻው በታች ይሆናል፤ በዚህ የተነሣ ጭቅጭቅ ማብቂያ የለውም። የተከለለው ቦታ በአራት ይከፈልና በየሦስት ወሩ አንዱ ብቻ ይታጨድ፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓመት ያርፋል ማለት ነው። በክረምት የሚውለው ተራ ለታንኳ ስለማይደርቅ ለቅርጫትና ለቤት ክዳን ይሁን። ማቃጠል ጨርሶ ይቅር። በበጋ ከብት የሚፈልገው ለጋውን ቡቃያ ነውና ጥበቃው በተለይ ከየካቲት እስከ ሰኔ ይጠንክር፤ ለጠባቂዎቹ የሚከፈለው ከአጨዳ ክፍያ ሊወጣ ይችላል።

በተራቆተው ላይ መልሶ ለመትከል ዘር መጠበቅ አያዋጣም። አገዳው የቆመበት የሥር ቁራጭ ተወስዶ ሐይቁ ዝቅ ባለበት ወቅት ርጥብ ጭቃ ላይ ይተከላል። ሐይቁ ከሰኔ እስከ መስከረም ከ1 ሜትር በላይ ስለሚነሣ አገዳው ከሚመጣው ውሃ በላይ መቅረት አለበት። አጭር አጭሩን ተክሎ ቁጥር ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ ጥቅምት ላይ ሄዶ የቆመውን መቁጠር ግን ይከብዳል። ሪፖርት የምትቀበሉት በጥቅምት የተቆጠረውን ይሁን።

እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ፈተና ስለሆነ አናስረዝመውም። ደንገል ውስጥ የገባው በማሽን ሳይሆን በእጅ ይልቀም፤ ማሽኑ ሁለቱን አይለይም። የወንዞቹ መግቢያ የዓሣም ጉዳይ ነው። በጣና ብቻ ከሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ መግቢያው ላይ መረብ የዘረጋ የዓመቱን ዓሣ ከነዘሩ ያወጣዋል። ለደንገሉ የሚቀጠረው ጠባቂ ይህንንም አብሮ ይመልከት።

በመጨረሻ፣ የታንኳ በዓል እንዲዘጋጅ እንጠይቃለን። የታንኳ በዓል ይደረግ ስንል የፋይበር ጀልባ ደንገል አልብሶ ማሯሯጥ ማለታችን አይደለም። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ቢሆን እንግዳው ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ አለ፣ ሰማዩም ጠርቷል። ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ክብደት ያለው ደረቅ ደንገል ይመዘንለት፤ ሕዝብ እያየ ሁለት ቀን ይሥራ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ታንኳው እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ አሸዋ የያዙ ሁለት ጆንያዎች ተጭነውበት ውሃ ላይ ይውጣ። ከውሃው በላይ የቀረው ጎኑ ያኔውኑ ይለካ፣ ውሃ ላይ 6 ሰዓት ከቆየ በኋላም ይለካ፤ ልዩነቱ ያነሰው ያሸንፋል። እሽቅድምድም ካስፈለገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል።

ለጥር በዓል የሚሆነው ደንገል በኅዳር ታጭዶ በታኅሣሥ መድረቅ አለበት። በጀቱ በጥር ከተለቀቀ ሠሪው እርጥቡን አሥሮ ከማቅረብ ውጭ ምርጫ የለውም፤ ታንኳው ለፎቶ አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፣ በቀናት ውስጥ ግን እስሩ ይላላል። ከዚያ «ታንኳ ድሮ ቀረ» ይባላል። ሌላው ደረሰኝ ነው። አብዛኛው ሠሪ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስለሌለው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ሊገዛው አይችልም፤ መሐል ላይ ደላላ ይገባና የዋጋውን ትልቁን ይወስዳል። ሠሪዎቹ በማኅበር እንዲደራጁ ከመስከረም በፊት እገዛ ቢደረግ ይህ ይቀራል። ሙዚየምና ሆቴልም ታንኳ ሲገዙ አንዴ ገዝቶ ለዘለዓለም መስቀል ሳይሆን በየዓመቱ መተካትን በውላቸው ያስገቡ፤ ለሠሪው ቋሚ ገበያ የሚሆነው እሱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ ሥልጣንና ኃላፊነት ይሰጣል፤ ድንበር መከለል፣ የሐይቅ ከፍታና የዓሣ ጉዳይ ግን በሌሎች መሥሪያ ቤቶች እጅ ነው። ስለዚህ ቢሮው እነሱን፣ የነገደ ወይጦ ተወካዮችን፣ የባሕር ሸሽ አራሾችንና እኛን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲጠራ እንጠይቃለን። ስብሰባው ከነሐሴ ባያልፍ ይመረጣል፤ ችካሉ በመስከረም መተከል አለበትና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎች፣ ደንገል አጫጆች፣ ዓሣ አጥማጆችና የባህል አጥኚዎች

ግልባጭ፦
ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ለክልሉ የአካባቢና የውሃ አካላት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ