ለምን በነጻ ትለፋለህ ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብልህ አታምነኝም። ዝም ያሰኘኝ የመጨረሻው ጥያቄህ ነው። "ሰው ሥራ ፈትቶ እንዴት በነጻ ይለፋል?" ብለኸኝ ነበር። ተናደድኩ። የተናደድኩት ደግሞ መልስ ስላጣሁ ነው።

ያኔ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ "ለመርዳት ነው" እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ነገር አልነበረም። ማክሰኞና ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ሲኖር ቢያንስ ፂሜን እላጫለሁ።

የደረሰኝ የሕግ ተማሪ ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝና አንድ አንቀጽ ዘለልኩ። "ወንድሜ፣ 'ሁለተኛ' ካልክ በኋላ 'አራተኛ' አልክ እኮ" አለኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ገና ሁለት መስመር እንዳነበብኩ "ዛሬ ድምፅህ ልክ አይደለም፤ ምን ሆነህ ነው?" አለኝ። ያን ቀን ፊቴን ያየ ሰው ሁሉ ምንም አላለኝም ነበር።

ጥያቄህ ሲከነክነኝ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት የበጎ ፈቃደኞችን ምክንያት ስድስት ቦታ ይከፍለዋል። ለሰው ማዘን አንዱ ነው። መማር፣ የሥራ ልምድ፣ ጓደኛን መከተል፣ ለራስ ያለን ግምት ከፍ ማድረግም አሉበት። ስድስተኛው ከራስ ጭንቀት መሸሽ ነው። እሷን ሳነብ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ መሰለኝ። ግን ቀደም ብሎ በ1995 የኤድስ ሕሙማንን በሚያግዙ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ለራሳቸውም የሚፈልጉት ነገር የነበራቸው ሰዎች ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተዋል። እፎይ አልኩ፣ አልዋሽህም።

"በነጻ" ላልከው ደግሞ ይኸውልህ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሰበሰቡ። ትንሽ የተከፈላቸው፣ ምንም ካልተከፈላቸው ያነሰ ነው ያመጡት። እኔም ለእያንዳንዱ ገጽ ሳንቲም ቢቆጥሩልኝ ኖሮ፣ ያቺን አንቀጽ ዘልዬ የማፍር አይመስለኝም። ስንት ትሆናለች ብዬ አልፋት ነበር።

ልጁ ባለፈው ወር ተመረቀ። አሁን የተመደበልኝ የሒሳብ ተማሪ ነው። ሒሳብ እንዴት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ግን ግራ ገብቶኛል። ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ሲመጣ ምን ይባላል? ትምህርት ቤት እያለን ሒሳብ ያንተ ነበር። እባክህ ደውልልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ አላነሳም።

ያንተው